ለቤት ሲኒማ ዕቃ የትኛው ይቅደም፦ ፓወር ኮንዲሽነር፣ ስታቢላይዘር ወይስ ሌላ መከላከያ?

አራተኛ ፎቅ
ሰኔ 27፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አራት ኪሎ፣ ከቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ብዙም በማይርቅ አንድ የቆየ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ በኪራይ ነው። ባለፉት ሦስት ዓመታት ከደመወዜ እየቆጠብኩ አንዲት ትንሽ የቤት ሲኒማ አቋቁሜአለሁ፤ ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን፣ ባለ አምስት ቻናል አምፕሊፋየር፣ አንድ ሳብ ዉፈር፣ የዲሽ ሪሲቨርና ራውተር አሉኝ። ሁሉም ከአንድ የግድግዳ ሶኬት በአንድ ዲቫይደር ይሠራሉ።

ባለፈው ሳምንት ጠፍቶ የነበረው መብራት ሲመለስ የሳሎኑ አምፖሎች ከወትሮው በላይ ፍክት ብለው በሩ። እናቴ «ዛሬስ ጠግቦ መጣ» አለች፤ ሳቃችንን ሳንጨርስ የራውተሩ አዳፕተር ጭስ አወጣ። ቴሌቪዥኑና አምፕሊፋየሩ በዚያ ሰዓት ከሶኬት ተነቅለው ስለ ነበር ተረፉ እንጂ የሦስት ዓመት ቁጠባዬ አብሮ በሄደ ነበር።

አሁን ሦስት አማራጭ ቀርቦልኛል። ቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድሜ እዚያ የሚሸጥ ጥሩ ፓወር ኮንዲሽነር (ኮረንቲውን ከኤሌክትሪክ ጩኸት የሚያጣራ ዕቃ) ከመንገደኛ ጋር ሊልክልኝ ነው። ፒያሳ ያነጋገርኩት ባለ ሱቅ ደግሞ 2,000 ቪኤ (ቮልት አምፔር፣ የአቅም መለኪያ) የሚል ስታቢላይዘር፣ ማለትም የሚዋዥቅ ቮልቴጅን የሚያስተካክል ዕቃ፣ እንድገዛ መክሮኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በበኩሉ ሰርጅ ፕሮቴክተር (ድንገተኛ የቮልቴጅ ዝላይን የሚይዝ መከላከያ) ያለው ዲቫይደር ብቻ ይበቃሃል ይለኛል። ገንዘቤ ለአንዱ እንጂ ለሦስቱም አይበቃም። በጉዳዩ ልምድ ያላችሁ ሰዎች የትኛውን እንዳስቀድም ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ጥቁር ሳጥን
ሰኔ 27፣ ከምሽቱ 3፡15

ኮንዲሽነሩን ያስልኩት። እኔ ቤት ከገባ ወዲህ የድምፁ ጥራት በግልጽ ተለውጧል፤ ዝቅተኛው ድምፅ ጠበቅ ብሏል፣ ከስፒከሮቹ ኋላ ይሰማ የነበረው ሽውታም ጠፍቷል። ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው ያልተጣራ ኮረንቲ ሊያጠጣው አይገባም።

የሜክሲኮ ጠጋኝ
ሰኔ 27፣ ከምሽቱ 3፡50

ወንድምዎ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ዛሬውኑ ይደውሉለት። በአሜሪካ ቤቶች ሶኬት ላይ ያለው 120 ቮልት ነው፤ እኛ ዘንድ 220። እዚያ ለገበያ የሚቀርብ ሰርጅ ፕሮቴክተርም ሆነ ኮንዲሽነር በውስጡ ያለው ቫሪስተር (ትርፍ ቮልቴጅን በራሱ የሚያሳልፈው ክፍል) ብዙውን ጊዜ ከ130 እስከ 150 ቮልት ድረስ ብቻ እንዲታገሥ የተመረጠ ነው። የእኛ 220 ቮልት በየዑደቱ ጫፍ 311 ቮልት ስለሚደርስ ቫሪስተሩ የመጣበትን ሁሉ ጥቃት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ያለማቋረጥ ኮረንቲ እያሳለፈ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ጠረጴዛዬ ላይ እንዲህ ያሉ የጠቆሩ ዲቫይደሮች በየጊዜው ይመጣሉ፤ ባለቤቶቹም «ገና ከሳጥኑ ማውጣቴ ነበር» ይላሉ። ፈርማንን የመሳሰሉት ሻል ያሉ አምራቾች የሚሠሩት የአሜሪካ ኮንዲሽነር ወደ 137 ቮልት ገደማ ሲደርስ ራሱን እንዲቆርጥ የተዘጋጀ ስለሆነ ላይቃጠል ይችላል፤ እዚህ ግን መቼም አይበራም። ከውጭ የሚመጣ ከሆነ መለያው ላይ 220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል የተጻፈበት የአውሮፓ ስሪት መሆን አለበት።

ጥቁር ሳጥን ስለ ድምፁ የተናገሩትን አሁን አልከራከርበትም። የጠያቂው ችግር ግን የድምፅ ጥራት አይመስለኝም፤ አምፖል ፍክት ብሎ አዳፕተር የሚያቃጥል ነገር ሌላ ስም አለው።

ባለ ቴስተር
ሰኔ 28፣ ከጠዋቱ 1፡20

ስሙ የኒውትራል መቆረጥ ወይም መላላት ነው። የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ በመሐል ከተማ የቆዩ ሕንፃዎች ውስጥ ዕቃ ሲቃጠል አይቼ መንስኤውን ስፈልግ ከመብረቅ ይልቅ ይህንን ደጋግሜ አግኝቻለሁና ትንሽ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ከትራንስፎርመር የሚወጡት ሽቦዎች አራት ናቸው፤ ኮረንቲ የሚያመጡ ሦስት ፌዝና መመለሻ የሆነ አንድ ኒውትራል። በአንድ ፌዝና በኒውትራሉ መካከል 220 ቮልት አለ፤ በሁለት ፌዞች መካከል ግን 380። የእርስዎ ቤት በአንዱ ፌዝ፣ የጎረቤትዎ ቤት በሌላው ሊሠራ ይችላል፤ ኒውትራሉ ግን የጋራ ነው። ይህ የጋራ ሽቦ ምሰሶ ላይ ወይም ቆጣሪው ዘንድ ሲላላ፣ ሲዝግ፣ መንገድ ሲቆፈርም ሲበጠስ፣ ሁለቱ ቤቶች በአንድ ክር እንደ ተሰኩ ዶቃዎች ተከታትለው 380 ቮልቱን ይካፈሉታል። አከፋፈሉም ፍትሐዊ አይደለም፤ ብዙ ኃይል የሚስበው ቤት ጥቂቱን ቮልቴጅ፣ ጥቂት የሚስበው ቤት ብዙውን ይወስዳል።

በቁጥር እንየው። ጎረቤትዎ 3,500 ዋት በሚስብ ምጣድ እንጀራ እየጋገሩ፣ እርስዎ ደግሞ በድምሩ 300 ዋት በሚፈጁ ዕቃዎች ፊልም እያዩ ነው እንበል። የምጣዱ ሬዚስታንስ (ኮረንቲን የመቋቋም መጠን) ወደ 14 ኦም፣ የእርስዎ ዕቃዎች ወደ 161 ኦም ይሆናል። ኤሌክትሮኒክስ እንደ ምጣድ ቀጥተኛ ሬዚስታንስ ባይሆንም፣ የሦስተኛውን ፌዝ ጭነትም ለጊዜው ብንተወው፣ ለግምት ይበቃናል፤ ከ380ው ውስጥ 350 ቮልት ያህሉ በእርስዎ ዕቃዎች ላይ ይወድቃል። ምጣዱ ይቀዘቅዛል፣ ቴሌቪዥኑ ይቃጠላል። በዚያች ሰዓት ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ራውተር ብቻ ቢኖርዎትማ የባሰ ነው፤ ጭነቱ ባነሰ ቁጥር የሚደርሰው ቮልቴጅ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ነው ሰርጅ ፕሮቴክተር የሚባለው ዕቃ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል መለየት የሚያስፈልገው። ቫሪስተር የተሠራው ከዚንክ ኦክሳይድ ነው፤ ቮልቴጁ ከገደቡ ሲያልፍ በናኖ ሰከንዶች ውስጥ ይከፈትና ትርፉን ኃይል በራሱ ላይ ያሳልፋል። ይህ በሚሊዮንኛ ሰከንዶች ለሚቆጠር ዝላይ፣ ለምሳሌ በአቅራቢያ የወደቀ መብረቅ ወይም የሊፍት ሞተር ሲጠፋ ለሚፈጥረው ሾል ያለ ቮልቴጅ፣ የተዘጋጀ ነው። የኒውትራል መቆረጥ ግን ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይቆያል። 275 ቮልት የሚል ቫሪስተር 350 ቮልት ሲደርስበት በየዑደቱ ይከፈታል፤ በሰከንዶች ውስጥም ይቃጠላል። ውስጡ የሙቀት ፊውዝ ከሌለው እሳት ሊያስነሣ ይችላል። መለያው ላይ የተጻፈው የጁል ብዛት (መከላከያው የሚችለው የኃይል መጠን) በዚህ ጊዜ አያድንም፤ 1,000 ጁልም ይሁን 3,000 ዕድሜውን በጥቂት ሰከንድ ቢያራዝመው ነው።

ስለዚህ ለእርስዎ የሚቀድመው፣ ቮልቴጁን እየለካ ከገደብ ሲወጣ መስመሩን የሚቆርጥ፣ ሲስተካከልም ወዲያው ሳይሆን ቆይቶ የሚመልስ መሣሪያ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ሶኬት ላይ የሚሰካውና ብዙ ሰው ቲቪ ጋርድ ወይም ፍሪጅ ጋርድ የሚለው ነው። ሁለተኛው በብሬከር ሳጥን ውስጥ ከዋናው ብሬከር ቀጥሎ የሚገጠም፣ ቮልቴጁን በቁጥር የሚያሳይ የቮልቴጅ ሪሌ ሲሆን ቤቱን በሙሉ ይጠብቃል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የላይኛውን ገደብ 250 ወይም 255፣ የታችኛውን 175 ገደማ፣ የመመለሻ ቆይታውን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያድርጉት፤ መብራት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው መንቀጥቀጥ እስኪያልፍ ድረስ ይጠብቅልዎታል፤ የፍሪጁም ኮምፕረሰር ያመሰግናል። የሪሌው አምፔር ከዋናው ብሬከር በታች እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ብሬከሩ 40 ከሆነ ሪሌው 63 ቢሆን ይመረጣል። ተከራይ ስለሆኑ ሳጥኑን ከማስነካትዎ በፊት ባለቤቱን ያስፈቅዱ፤ ሥራውንም ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው።

ሰርጅ ፕሮቴክተሩ ከዚህ በኋላ ይመጣል። አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ ሪሌው ቮልቴጁን ለክቶ እስኪቆርጥ የሚሊ ሰከንዶች ጊዜ ይፈልጋልና መብረቅን አይቀድመውም። አንዱ የዘገየውን፣ ሌላው የፈጠነውን ጥቃት ይመልሳሉ።

እስከዚያው አንድ ነገር ያድርጉ፤ መብራቱ በተለያየ ሰዓት ስንት ቮልት እንደሚሆንና የሶኬትዎ የመሬት መስመር (ግራውንድ) እውነተኛ መሆን አለመሆኑን ያስለኩና እዚህ ይጻፉልን።

ቀላል መላ
ሰኔ 28፣ ከቀኑ 7፡05

በእነዚህ አሮጌ ሕንፃዎች ውስጥ የመሬት መስመር የሚባል ነገር ፈልገው አያገኙም። እኛ ግቢ የሠራው ልጅ በየሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከመሬቱ ቀዳዳ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝቶልን ይኸው አምስት ዓመት ያለ ችግር እየተጠቀምን ነው። ወጪው የአንድ ክንድ ሽቦ ነው።

ባለ ቴስተር
ሰኔ 28፣ ከቀኑ 8፡10

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ምክር ማንም እንዳይከተለው በአጽንዖት እለምናለሁ። አሁን ያወራንለት ኒውትራል ከቤትዎ ውጭ ሲቆረጥ፣ በቤትዎ በኩል የቀረው የኒውትራል ሽቦ በበራው አምፖልና በዕቃዎቹ በኩል ከፌዙ ጋር ተያይዞ ይቀራል። በዚያች ቅጽበት ያች አጭር ሽቦ ያንን ቮልቴጅ የማቀዝቀዣውና የልብስ ማጠቢያው ቆርቆሮ ላይ ታደርሰዋለች። ብሬከርም አይቆርጠውም፤ እግሩ እርጥብ መሬት የረገጠ ሰው ሲነካው ብቻ ነው የሚታወቀው። አምስት ዓመት ያለ ችግር የቆየው ኒውትራሉ አምስት ዓመት ስላልተቆረጠ ነው። ዛሬውኑ ያስፈቱት።

ትክክለኛው የመሬት መስመር ከግቢው አፈር ውስጥ ከተተከለ የመዳብ ቅብ ዘንግ ተነሥቶ በራሱ ሽቦ እስከ ብሬከር ሳጥን ይመጣል። በክረምት ሲለካ ጥሩ የነበረ ዘንግ በበጋ አፈሩ ደርቆ ሲሰነጠቅ ሊደክም ስለሚችል ልኬቱን በደረቁ ወራት መውሰድ ይሻላል።

ቀላል መላ
ሰኔ 28፣ ከምሽቱ 1፡30

ተረድቻለሁ። ነገ የሚፈታ ሰው እጠራለሁ።

ዘለገሃር
ሰኔ 29፣ ከጠዋቱ 4፡00

የሥራ ቦታዬ የኮምፒውተር ክፍል ስለሆነ ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል ከሚሰጥ ዕቃ)ና ከስታቢላይዘር ጋር ስታገል ዓመታት አልፈዋል። ስለ ስታቢላይዘሩ ሳይወሰን እንዳይቀር ብዬ ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያ ከቴሌቪዥንዎ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ፣ አብዛኞቹ አዳዲስ ቴሌቪዥኖችና የዲሽ ሪሲቨሮች እንዲህ ናቸውና፣ ቮልቴጁ ወደ 160 ቢወርድም አይጎዳም፤ የሚጎዳው ሲበዛ ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለ ዕቃ ስታቢላይዘር መግዛት ላልተጠማ ውኃ መቅዳት ነው። አምፕሊፋየሩ ግን ትልቅ ትራንስፎርመር ያለው 230 ቮልት ብቻ የሚል ሊሆን ይችላል፤ እሱ ቮልቴጅ ሲወርድበት ከፍተኛውን ድምፅ በሙሉ ጉልበት አይሰጥም፣ ከዚያ በላይ ግን ብዙም አይጎዳም።

ሌላው ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ ስታቢላይዘር ራሱ ለአፍታ ጎጂ ሊሆን ይችላል። ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት የሚገባው ቮልቴጅ 160 ሆኖ፣ ባለ ሞተሩ ስታቢላይዘር ወደ 220 ከፍ አድርጎታል እንበል። የጎረቤቱ ምጣድ ሲጠፋ መስመሩ በአንድ ጊዜ ወደ 240 ቢዘል፣ ሞተሩ ዞሮ እስኪያስተካክል ድረስ የሚወጣው ወደ 330 ቮልት ነው። ቀጭ ቀጭ የሚለው ባለ ሪሌው ዓይነት ከዚህ ይፈጥናል፤ ሆኖም ጸጥ ባለ ትዕይንት መሐል ድምፁ ያናድዳል። መግዛት ከፈለጉ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲመጣ የሚቆርጥና የመመለሻ ቆይታ ያለውን ይምረጡ፤ የተጻፈውን ቪኤም እንደ ዋት አይቁጠሩት።

ዩፒኤስን በተመለከተ፣ ዓላማው ፊልም ማስጨረስ ሳይሆን ዕቃውን በሥርዓት መዝጋት መሆን አለበት። ባለ 1,000 ቪኤ የሆነው ተራ ዩፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ ከ600 ዋት አይበልጥም፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ቢኖረው በአጠቃላይ 168 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከዚያም ላይ የሚባክን አለ። ሳብ ዉፈሩን በፍጹም ከዩፒኤስ ጋር አያገናኙት። መለያው ላይ «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የማይል ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው፤ ባለ ትራንስፎርመር አምፕሊፋየር በእሱ ላይ ያጉረመርማል፣ ይግላልም። የሕንፃው ጀነሬተር በሚነሣበት ጊዜም አንዳንድ ዩፒኤስ የጀነሬተሩን ኸርዝ (የኮረንቲውን የሰከንድ ዑደት ብዛት) አልቀበልም ብሎ ባትሪውን ሲጨርስ ይታያል። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ለባትሪ መልካም ነው፤ በየቀኑ መብራት የሚጠፋ ከሆነ ግን ይህም ጥቅም ይጠፋል።

አራተኛ ፎቅ
ሐምሌ 2፣ ከምሽቱ 1፡10

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ኮንዲሽነሩን ገና አልገዛም ነበር፤ ነገሩን በሰዓቱ አቆምነው።

አንድ ባለሙያ አምጥቼ አስለካሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ 186፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ 241 ቮልት ተገኘ። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ነገር ግን በፌዙና በመሬቱ ቀዳዳ መካከል የተለካው 60 ቮልት ገደማ ሆኖ ይዋዥቃል። ባለሙያው ከፈተው፤ የመሬቱ ቀዳዳ ከምንም ጋር አልተገናኘም። ለዓይን ብቻ የተቀመጠ ነው። የዲሹን ኬብል ጫፍ ስነካ ሁልጊዜ የሚነዝረኝም ከዚህ ጋር ይገናኝ ይሆን? አንድ ሌላ ነገር ደግሞ፣ ሳብ ዉፈሩ ፊልም ሳይከፈትም «እምምም» የሚል ዝቅተኛ ድምፅ ያሰማል።

የሜክሲኮ ጠጋኝ
ሐምሌ 2፣ ከምሽቱ 3፡25

በትክክል ይገናኛል። በየኤሌክትሮኒክሱ መግቢያ ላይ የኤሌክትሪክ ጩኸት የሚያጣሩ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ አንዱ ከፌዝ፣ አንዱ ከኒውትራል ወደ ዕቃው አካል ይገናኛሉ። የመሬት መስመር ሲኖር ይህ ጥቂት ኮረንቲ ወደ መሬት ይሄዳል፤ ሳይኖር ግን የዕቃው አካል በሁለቱ መካከል ተንሳፍፎ 110 ቮልት ገደማ ይቆማል። ኮረንቲው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ይነዝራል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይገድልም። ኤችዲኤምአይ ቀዳዳን ግን ይገድላል። አንዱ ዕቃ 110 ቮልት ላይ ተንሳፍፎ፣ ሌላው በዲሹ ኬብል በኩል ከጣሪያው ብረት ጋር ተያይዞ ሳለ ኬብሉን ሲሰኩት፣ ልዩነቱ በቀጭኗ ቺፕ በኩል ያልፋል። ፓወር ቦርዱ ደህና ሆኖ ኤችዲኤምአዩ ብቻ የሞተ ቴሌቪዥን ሲመጣልኝ ባለቤቱን «ዕቃው እንደ በራ ሰክተሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ መልሱን አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ማንኛውንም ኬብል ከማገናኘትዎ በፊት የሁሉንም ዕቃ ስፒና ከሶኬት ይንቀሉ፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

የኒውትራል ጉዳት የደረሰበት ቦርድ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። መግቢያው ላይ ያለው ቫሪስተር ከስሎ ፊውዙን አቃጥሎ ከሆነ ደስ ይለኛል፤ ጥበቃው ሥራውን ሠርቷልና ጥገናው ቀላል ነው። 350 ቮልት በቦርዱ ውስጥ ወደ ዲሲ ሲቀየር 495 ይሆናል፤ ዋናው ካፓሲተር ግን ብዙ ጊዜ 400 ወይም 450 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት ነው፤ ያ ተነፍቶ ወይም ፈንድቶ ሳገኘው ከኋላው ብዙ ነገር ይዞ እንደ ሄደ አውቃለሁ።

የዲሹንም መንገድ አይርሱት። ሐምሌና ነሐሴ መብረቅ የሚበዛበት ወቅት ነው፤ ጣሪያ ላይ የቆመ ብረት በኬብሉ አድርጎ በቀጥታ ሳሎንዎ ይገባል። የሶኬቱን ብቻ ጠብቆ ዲሹን መተው የፊቱን በር ቆልፎ የጓሮውን መክፈት ነው። ሰማዩ ሲያጉረመርም የዲሹን ኬብል ጭምር መንቀል እስካሁን ከማውቃቸው መከላከያዎች ሁሉ ርካሹ ነው።

ጥቁር ሳጥን
ሐምሌ 3፣ ከጠዋቱ 3፡30

ስለ «እምምም»ው እኔ ልመልስ፤ በእሱ ብዙ ተሠቃይቻለሁ። በመጀመሪያ የዲሹን ኬብል ከሪሲቨሩ ይፍቱ፤ ድምፁ ከጠፋ ምንጩን አገኙት ማለት ነው። በኬብሉ ሽፋን በኩል ወደ ጣሪያው የሚሄደው ባለ 50 ኸርዝ ኮረንቲ በአምፕሊፋየሩና በሳብ ዉፈሩ መካከል ባለው ሽቦ ሲያልፍ ነው የሚሰማዎት። ለአንቴና የሚሸጡት፣ በኬብሉ ኮረንቲ እንዳያልፍ የሚያደርጉት ተራ መለያያዎች ለዲሹ አይሆኑም፤ ጣሪያ ላይ ያለው የዲሹ ራስ (ኤልኤንቢ) ኃይሉን የሚያገኘው በዚያው ኬብል ነውና ይቋረጥበታል። ይልቅ በቴሌቪዥኑና በአምፕሊፋየሩ መካከል ያለውን ኤችዲኤምአይ አውጥተው በኦፕቲካል ኬብል ይተኩት። በብርሃን ስለሚያስተላልፍ ኮረንቲ የሚሄድበት መንገድ የለም፤ ለአምስት ቻናል ዶልቢ ዲጂታልም ይበቃል።

ኮንዲሽነር የሚያጣራው ከዚህ በጣም ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ ያለውን ጩኸት ነው፤ እንዲህ ያለውን ጉርምርምታ አያነሣውም። ይህን የማውቀው ኮንዲሽነሩን የገዛሁት እሱኑ ላጠፋ ብዬ ስለነበረ ነው። ጠጋኙ ባይጠይቁኝም ልናዘዝ፤ ባለፈው እሑድ ልጄ እኔ ሳላይ እየነቀለች እየሰካች አሥር ጊዜ እንድታሰማኝ አድርጌ ነበር፤ ኮንዲሽነሩ መኖሩን ያወቅሁት አምስቱን ጊዜ ብቻ ነው። አሁንም አልሸጠውም፤ መደርደሪያው ላይ ያምራል።

ባለ ቴስተር
ሐምሌ 3፣ ከቀኑ 6፡45

እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሙከራ ብዙ ጊዜ አይገጥመኝም፤ አከብርዎታለሁ።

ለጠያቂው፦ የመሬት መስመር እስኪኖር ድረስ ሰርጅ ፕሮቴክተር ግማሽ ሥራውን ብቻ ነው የሚሠራው፤ በፌዝና በኒውትራል መካከል ያለውን ዝላይ ይይዛል፣ ወደ መሬት የሚጥለውን ግን የሚጥልበት የለውም። ሕንፃው የጋራ ስለሆነ ዘንጉን ለብቻዎ ከአራተኛ ፎቅ ሊያወርዱ አይችሉም፤ ጉዳዩን ለሕንፃው ኮሚቴ ያቅርቡት። መስመሩ ሲዘረጋ በብሬከር ሳጥኑ ውስጥ «ታይፕ 2» የሚባለውን የሰርጅ መከላከያ ያስገቡበት። ያኔ ሠራተኛው ሽቦውን በውበት እየጠመዘዘ እንዳያስረዝመው ይቆጣጠሩ፤ የመገናኛ ሽቦዎቹ በድምሩ ከ50 ሳንቲሜትር ባይበልጡ ነው። በፍጥነት የሚጨምር ኮረንቲ በእያንዳንዱ ሜትር ሽቦ ላይ የራሱን ቮልቴጅ ስለሚፈጥር፣ ረጅም ሽቦ ያለው ውድ መከላከያ አጭር ሽቦ ካለው ርካሽ ሊያንስ ይችላል።

ፕሮጀክተር አለኝ
ሐምሌ 4፣ ከምሽቱ 4፡00

ከርዕሱ ብዙ ሳልርቅ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀትን በደንብ አይወስድም። ፕሮጀክተሮች ከ1,500 ሜትር ገደማ በላይ እንዲበራ የሚመከር የከፍታ ማስተካከያ ምርጫቸው ውስጥ አለ፤ ባለ ሱቁ አይነግርዎትም። ዩፒኤስም ሆነ ስታቢላይዘር ሲገዙ እስከ ስንት ሜትር እንደሚሠራ መመሪያው ላይ ይመልከቱ። እኔ ዩፒኤስ የገዛሁት ለፕሮጀክተሩ ብቻ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አምፖሉ ሳይቀዘቅዝ ማራገቢያው እንዳይቆም።

አራተኛ ፎቅ
ነሐሴ 19፣ ከምሽቱ 3፡05

ቃል በገባሁት መሠረት ውጤቱን ላሳውቅ። የቤቱ ባለቤት ፈቅደውልኝ ባለ 63 አምፔር የቮልቴጅ ሪሌ በብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ተገጠመ፤ የላይኛው ገደብ 250፣ የታችኛው 175፣ ቆይታው 4 ደቂቃ ነው። የታችኛውን መጀመሪያ 185 አድርጌው ነበር፤ የጋገራ ቀን ሲሆን እየቆረጠ እናቴን ከምጣዷ ጋር ስላጣላት ወደ ተመከርኩት ቁጥር ዝቅ አደረግሁት። በተረፈችው ገንዘብ የሙቀት ፊውዝ ያለው 230 ቮልት ዲቫይደር ገዛሁ። ስታቢላይዘሩን ተውኩት።

ነሐሴ 11 ቀን ማታ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ መብራት ሄዶ መጣ። የሪሌው መስኮት 287 የሚል አሳየና መስመሩን ሳያገናኝ ቁጥሩ ብቻ ይዋዥቅ ጀመር፤ 262፣ 301፣ 279። ፋኖስ አብርተን አርባ ደቂቃ ያህል ቁጥሩን ስንመለከት ቆየን። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን በዚያ ሌሊት የፍሪጃቸው ቦርድ ተቃጥሏል፤ በማግሥቱ የሪሌውን ዓይነት ጽፌ ሰጠኋቸው።

ጉርምርምታው በኦፕቲካል ኬብሉ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። የመሬቱ መስመር ግን ገና ነው፤ ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ ዋጋ እያስጠና ይገኛል፤ ዘንጉ በየት በኩል ይተከል በሚለው ላይ የመኪና ማቆሚያ ያላቸውና የሌላቸው ተከራዮች አልተስማሙም። እስከዚያው ሰማዩ ሲያጉረመርም የዲሹን ኬብል የምነቅለው እኔ ነኝ፤ እኔ ከሌለሁ እናቴ።

ባለ ቴስተር
ነሐሴ 20፣ ከጠዋቱ 1፡40

301 ቮልት ካዩ ኒውትራሉ አሁንም ጤነኛ አይደለም። ሪሌው እርስዎን ይጠብቃል እንጂ መስመሩን አይጠግንም፤ መላላቱ ከቆጣሪው በፊት ከሆነ ደግሞ መገጣጠሚያው እየጋለ ነው። ከጎረቤትዎ ጋር ሆነው፣ ቁጥሮቹን ከነሰዓታቸው ጽፈው ዛሬውኑ ያመልክቱ።

አራተኛ ፎቅ
ነሐሴ 20፣ ከጠዋቱ 2፡15

ጽፌአለሁ። ከጎረቤቴ ጋር በ4 ሰዓት እንሄዳለን።